የጉጉፍቱ ድንጋዮች

ከደሴ ተነሥቶ፣ የጉጉፍቱን ብርድ ተሻግሮ፣ በለጋምቦ ደጋ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚሄደው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያ መንገድ ድሮ የእንስሳት ነበር አሉ። እንስሳት አፍ አውጥተው በሚናገሩበት፣ ንጉሣቸው አንበሳ ዐዋጅ በሚያስነግርበት በዚያ ዘመን የአገሩ ጭነት ሁሉ የሚመላለሰው በአህያ ጀርባ ነበር። አህዮቹ ብርቱ ነበሩ፤ ዳገት አይፈሩ፣ ብርድ አይፈሩ። አንድ ዓመል ግን ነበራቸው። የአገሩን ሣር አይቀምሱም። የሚበሉት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ጥቁር ፋጉሎ ነው፤ ፋጉሎውም በወርቅ እንጂ በሌላ አይገዛም። ቡና ተለቅሞ፣ ሰሊጥ ተራግፎ የተገኘው ወርቅ ግምጃ ቤት ሳያድር ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ፋጉሎ የዘገየ ሳምንት ደግሞ አህያው ሁሉ ተሰልፎ ይውላል፤ ጭነቱ ይቆማል፤ ገበያው ይቀራል።

አንበሳ ይህን አይቶ አይቶ አንድ ቀን ነጋሪት አስመታ። «ከእንግዲህ አዲስ አህያ በደጄ አይገባም፤ የሚገባው በቅሎ ነው» አለ።

በቅሎዎቹ ከምሥራቅ፣ ከሩቅ አገር የሚመጡ ነበሩ። ፋጉሎ አይሹም፤ ምግባቸው የአገሩ ገብስ ነው። አንበሳም ቶሎ እንዲበዙለት የበሩን ቀረጥ አቀለለው። ኮርቻዋም ልጓሟም ተሟልቶ የመጣች በቅሎ ከመቶ 15 ትክፈል፣ ከፊሉ እዚህ የሚሰፋላት ከመቶ 5፣ ሁሉም እዚህ የሚሰፋላት ምንም አትክፈል አለ።

ቁጥሮቹን ከራሴ አላመጣኋቸውም። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቀዋል። በዚያ ሰሞን አገሪቱ ለነዳጅ በዓመት የምታወጣው 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይባል ነበር። የቀረጡም ልክ ያኔ ተረቱ እንዳለው ነበር፤ ተገጣጥሞ ለሚመጣ የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል ተበትኖ ለሚመጣ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠም ዜሮ። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ከኢትዮጵያ መብራት ከመቶው ከ90 የሚበልጠው ከውኃ የሚመነጭ ነው። ቤንዚኑና ናፍጣው ግን ከውጭ ተገዝቶ ነው የሚመጣው። የደጃችንን ገብስ ትተን የሰው ፋጉሎ ለመግዛት የምንሰለፍበት ምክንያት የለም።

ወደ ተረቱ ልመለስ። ገብሱ የሚከማችበትን ጎተራ አንበሳ ያሠራው ጉባ ላይ ነው፤ አባይ ቆላውን አቋርጦ ከአገር ሊወጣ ሲል። ሥራው 14 ዓመት ፈጀ። በእነዚያ ዓመታት ሳያዋጣ የቀረ እንስሳ የለም ይባላል። በደንቆሮ ጫካ ገደል የሚያድሩት ጭላዳዎች ከአፋቸው የነጠቁትን ሣር እየሸጡ በየወሩ ከፈሉ። ቀይ ቀበሮ ካደነው አይጥ ከፍሎ ሰጠ። ሚዳቋ ለልጇ ያስቀመጠችውን አወጣች። ደግሞስ ጎተራውን የሚሞላው ውኃ ከማን ደጅ የሚነሣ ነው? በሽሎ ከእነሱ አገር ይወርዳል፤ ወለቃ ከእነሱ አገር ይወርዳል፤ ጃማም ያንኑ ደጋ እያጠበ ወደ አባይ ይገባል። የሕዳሴው ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው ሲባል፣ እነዚያ ደጋዎች ገንዘባቸውም ዝናባቸውም ውስጡ ነበር።

ገብሱን ከጎተራው ወደ አገሩ የሚያደርሱት ጉንዳኖች ናቸው። እያንዳንዱ አንድ አንድ ፍሬ ተሸክሞ፣ ተራራ ወጥቶ፣ ገደል ወርዶ ይጓዛል። ወደ ዋናው ከተማ የሚሄደው ሰልፍ ሰፊ ነው፤ ሌት ተቀን አይቋረጥም። ወደ መካነ ሰላም የሚመጣው ግን ቀጭን ነው። ነፋስ ሲነሣ ይበተናል፤ ዝናብ ሲጥል ይቆማል፤ አንዳንዴም ያለ ነፋስና ያለ ዝናብ ይጠፋል። ብዙ መንደር ደግሞ ጉንዳኖቹ በአናቱ ሲያልፉ ያያል እንጂ አንድ ፍሬ አይደርሰውም። ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት እንዳላገኘ የሚያውቅ አንባቢ እነዚህን መንደሮች ያውቃቸዋል።

በዋናው ከተማ በቅሎዎቹ በዙ። ማታ በየጌታቸው ግቢ ይበላሉ፣ ቀን ይሠራሉ፤ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው በቅሎዋ ከከተማ የወጣች ዕለት ነው። በቅሎ ሜዳ ላይ የበላችው ገብስ ሩቅ ያደርሳታል። ዳገት ላይ ግን ቶሎ ይሟጠጣል፤ ብርዱም የበኩሉን ይወስዳል። እርግጥ ቁልቁለት ላይ ከፊሉን መልሳ ታገኘዋለች፤ ይህ አህያ የሌለው፣ ለበቅሎ የተሰጠ ጸጋ ነው። ቢሆንም ደሴን ለቅቆ ወደ ምዕራብ ለሚወጣ መንገደኛ ዳገቱ ከቁልቁለቱ ይቀድማል።

አንበሳም ሁለተኛ ዐዋጅ አስነገረ፤ «በመንገድ ዳር ግርግም ሠርቶ መንገደኛ በቅሎ የሚያበላ፣ ካወጣው ወጪ ከመቶ 30 ከግምጃ ቤቴ ተመላሽ ይደረግለታል።»

ደንቡን የጻፈችው እመት ጦጢት ነበረች። ክፉ አልነበረችም፤ ቀለሟም መዝገቧም ንጹሕ ነበር። የግምጃ ቤቱ ወርቅ በከንቱ እንዳይባክን ስለሰጋች፣ መጀመሪያ ግርግሙ ይሠራ፣ ቀጥሎ ደረሰኝ ይቅረብ፣ ከዚያ ተመላሹ ይከፈል ብላ ጻፈች። ግርግሙም አንዲት በቅሎ ቡና ፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ የሚያጠግብ ትልቅ ይሁን አለች። ወረቀቱ ላይ ስሕተት አይገኝበትም ነበር።

በከተማው ጥሩ ግርግም አልተሠራም አልልም። ኢትዮ ቴሌኮም በየካቲት 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ እጅግ ፈጣን የቻርጅ ጣቢያ ከፍቶ ሒሳቡን በቴሌብር መቀበል ሲጀምር ደስ ካላቸው አንዱ እኔ ነኝ። መኪናው ካለበት መጀመር ያስኬዳል። አሁን የሚገባው የተረቱ ጅብ ግን ሌላ ነው፤ እሱ የማንም ድርጅት ምስል አይደለም፤ በየትም አገር፣ ተመላሽ ያለበት ቦታ ሁሉ የሚመጣ ጠባይ ነው።

አያ ጅቦ ወርቅ ነበረው። ዐዋጁን በሰማ በሳምንቱ በከተማው ሰፊ ጎዳና ላይ አምስት ግርግም በተርታ አቆመ። ደረሰኙን አቀረበ፤ ከመቶ 30ውን ተቀበለ። በተቀበለው ሌላ ሠራ፤ እንደገና ተቀበለ። የመጀመሪያው ግርግም ገብስ ነበረበት፤ ሁለተኛውም አልፎ አልፎ። የቀሩት እንጨታቸው አማረ እንጂ ውስጣቸው ባዶ ነበር፤ አንዱ ተሰብሮ ሦስት ወር የሚጠግነው አጣ። ደንቡ ስለ ጥገና የሚለው ነገር የለም። እመት ጦጢት በየወሩ መጥታ ግርግም ትቆጥርና ቁጥሩ ጨመረ ብላ ትጽፋለች። ቁጥሩ እውነትም ጨምሮ ነበር።

ጉጉፍቱ ላይ አንድም ግርግም አልተሠራም።

እማማ ጭላዳ የደንቆሮ ጫካ ተወላጅ ነበረች። ልጇን ጉጉፍቱ ድራ፣ የልጅ ልጅ ልታሳድግ መጥታ እዚያው ቀርታለች። አንድ ማለዳ ጉሙ ሳይነሣ ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር ስትነጭ፣ ሳሙናና ጨው የተጫነች በቅሎ መንገዱ መሐል ቆማ አየች።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አለቻት።

«ከደሴ ጠግቤ ነበር የወጣሁት፣ እማማ። ዳገቱ ጨረሰው። ወደ አቀስታ ብቀጥል መንገድ ላይ መቅረቴ ነው፤ ብመለስ ቁልቁለቱ ያግዘኛል።»

«ሳሙናውስ? ለመካነ ሰላም አልነበር?»

«ለመካነ ሰላም ነበር» አለችና ፊቷን አዞረች።

እማማ ጭላዳ በቅሎዋ ከዓይኗ እስክትሰወር አየችና አንድ ድንጋይ አንሥታ ከመንገዱ ዳር አስቀመጠች። የልጅ ልጇ «ይሄ ምንድን ነው?» ቢላት «ነገ ማንም አልመጣም እንዳይሉኝ ነው» አለችው። በማግስቱ ሌላ በቅሎ ተመለሰች፤ ሌላ ድንጋይ ተቀመጠ። አንዳንድ ቀን ሁለት፣ የገበያ ሰሞን ሦስት። ከመካነ ሰላም የሚመጡትም ነበሩ፤ እነዚያ ሌሊቱን በቀጭኑ ሰልፍ ገብስ ሲለቃቅሙ አድረው፣ ግማሽ ሆዳቸውን ይዘው ይነሡና ጉጉፍቱ ሳይደርሱ ይቆማሉ።

አንድ ሌሊት የቆመችው ጭነቷ ሳሙና አልነበረም። ምጥ የያዛትን ሚዳቋ ወደ ደሴ ሪፈር ተጽፎላት ይዛ የወጣች በቅሎ ነበረች። ጉልበቷ አለቀ። በዚያ ብርድ የጉጉፍቱ ቅሬ ተጠራ። በወሎ እድሩን ቅሬ ይሉታል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ሐዘኑን አብሮ የሚሸከምበት ነው። ቃሬዛ አሰሩ። ጭላዳው፣ ቀበሮው፣ ጃርቱ ሳይቀር በየተራ ትከሻ ሰጡ። «አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ» እያሉ ቁልቁለቱን ወረዱ። ሚዳቋዋ ደሴ ሳትገባ መንገድ ላይ ወለደች፤ ሕፃኑ ተረፈ፤ እሷ ግን ብዙ ደም ፈሷት ለወራት ከአልጋ አልተነሣችም። እማማ ጭላዳ በዚያ ሌሊት ያስቀመጠችው ድንጋይ ሁለት እጅ የሚፈልግ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው አቀስታ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ የመንገዱ ቅሬዎች ሁሉ የተሰበሰቡት። ከመካነ ሰላም ጉሬዛ መጣ፤ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በከተማው ባለው ግቢ የተማረ ወጣት ነው። ዐዋጁን አንብቦ አስረዳቸው።

«ካወጣችሁት ከመቶ 30 ይመለስላችኋል ነው የሚለው።»

ቀይ ቀበሮ ጠየቀ፤ «መቼ ነው የሚመለሰው?»

«ሠርታችሁ ስትጨርሱ፣ ደረሰኝ ስታቀርቡ።»

ጃርት እሾሁን አቆመ። ወፍጮ ነበረችው፤ ሒሳብ ያውቃል። «ወንድሜ ጉሬዛ፣ ስማኝ። መቶውን ከየት አምጥተን ነው ሠላሳውን የምንጠብቀው? መቶ ያለው ጅቦ ነው። ይሄ ተመላሽ ለእሱ ጉርሻ ነው፤ ለእኛ ወሬ ነው።»

ማንም መልስ አልነበረውም። ከጥቂት ዝምታ በኋላ እማማ ጭላዳ ተነሥታ «ንጉሡ ዘንድ እሄዳለሁ። ድንጋዮቹን ጫኑልኝ» አለች። የሚሸከምላት ደግሞ አህያ ነበር፤ በቅሎማ በዚያ መንገድ ምን ትሁን? ያረጀ፣ ፋጉሎ ለማግኘት ሁለት ቀን የተሰለፈ አህያ ድንጋዮቹን ተሸክሞ ወደ ዋናው ከተማ ወረደ።

በችሎቱ ቀን አንበሳ ዙፋኑ ላይ ነበር፤ እመት ጦጢት ከመዝገቧ ጋር፣ አያ ጅቦ ከደረሰኞቹ ጋር። እማማ ጭላዳ እጅ ነሥታ ጉዳይዋን ተናገረች። አንበሳ ወደ ጦጢት ዞረ፤ «በዚያ መንገድ ስንት በቅሎ ነው የሚሄደው?»

«ጃንሆይ፣ በመዝገቤ አንድም የለም። ገብስ በልታ የከፈለች በቅሎ ከደሴ ወዲያ አልተመዘገበችም። ተገልጋይ በሌለበት ቦታ የግምጃ ቤቱን ወርቅ ማፍሰስ ይከብዳል።»

«ግርግም በሌለበት አገር ማን ይብላና ይመዝገብልሽ፣ እመት ጦጢት?» አለች እማማ ጭላዳ፤ ጆንያውን ፈታችና ድንጋዮቹን ወለሉ ላይ አፈሰሰች። ችሎቱ ዝም አለ። «ይሄ ሁሉ የተመለሰ በቅሎ ነው። እያንዳንዱ አንዳንድ። አንቺ የምትቆጥሪው የበሉትን ነው፤ እኔ የቆጠርኩት የተመለሱትን ነው። ይሄ ትልቁ ሚዳቋ የወለደችበት ነው።»

እመት ጦጢት ከወንበሯ ወርዳ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያነሣች አየቻቸው። ከዚያ ሳትጠየቅ ተናገረች፤ «ጃንሆይ፣ ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግርግም የሠራ ይላል እንጂ በቅሎ ያበላ አይልም።»

እኔ በዚህ ተረት ከሁሉ የምወደው ይህችን ጦጣ ነው። አንድ ደንብ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚሆነው በሚቆጥረው ነገር ነው። ለእንጨቱ የሚከፍል መንግሥት እንጨት ያገኛል። የጣቢያ ቁጥር በዓመት ሪፖርት ላይ ሲጻፍ ያምራል፤ የትኛው ቦታ ላይ እንደቆመ፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት መኪና ወደ አቀስታ ሳይሄድ ከደሴ እንደተመለሰ ግን ማንም አይጠይቅም። መሄድ የተወ መንገደኛ በየትኛውም መዝገብ አይገኝም። ባለሀብቱም «እዚያ ገበያ የለም» ብሎ አይሄድም፤ ገበያው ያልተፈጠረው ግን እሱ ስላልሄደ ነው። ይህን ቀለበት መስበር የሚችለው አንድ ብቻ ነው፤ መንግሥት።

በችሎቱ አንድ ሽመላ ነበር። ሽመላ የአውሮፓ ብርድ ሲቃረብ ከዚያ ተነሥቶ ወደ እኛ የሚመጣ ወፍ ነው፤ ያየውን ይናገራል። «ጃንሆይ፣ በሰሜን ኖርዌይ የሚባል ብርዳም አገር አለ። በእነሱ አቆጣጠር በ2015 ኤኖቫ የሚባለው የመንግሥት ድርጅታቸው በዋና ዋና መንገዶች ላይ በየ50 ኪሎ ሜትሩ ፈጣን ግርግም እንዲቆም ድጎማ መስጠት ጀመረ። በዚያ መንገድ ሁሉ በቅሎ እስኪበዛ አልጠበቁም፤ መንገዱን አስቀደሙ። ከውቅያኖስ ማዶ ያሉት አሜሪካኖችም በ2021 ባወጡት ሕግ 5 ቢሊዮን ዶላር መድበው በየ50 ማይሉ፣ ማለትም በየ80 ኪሎ ሜትሩ፣ ግርግም ይቁም አሉ። የሚደጎም ግርግም ከመቶ ሰዓት 97ቱን ገብስ እንዲኖርበትም ደነገጉ። ሌላ የግብር ቅናሽም አውጥተው ነበር፤ ከ2023 ጀምሮ እሱን የሚያገኘው በድሃ ሰፈር ወይም ከከተማ ውጭ የሠራ ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። እነሱም ቢሆኑ ሥራው ዘግይቶባቸዋል፤ ብዙ ተሟግተውበታል። ደንባቸው ግን የጠየቀው ግርግሙ የት ቆመ፣ ያበላል ወይ ብሎ ነው።»

አያ ጅቦ አጉረመረመ። «ጃንሆይ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። ትርፍ በሌለበት ሂድ ብትሉኝ ልጆቼን ምን ላብላ?»

«አያ ጅቦ፣ እኔ አንተን ጉጉፍቱ ና አላልኩም» አለች እማማ ጭላዳ። «የሚቀጥለውን ግርግምህን ግን በራስህ ወርቅ ሥራ ነው የምለው። ለእሱ ሊሰጥህ የታሰበው ለእኛ ይሁን። እኛ ደግሞ አስቀድሞ ነው የምንፈልገው፤ ደረሰኝ ካመጣን በኋላ አይደለም። ቅሬው ዋስ ይሆናል። ቀሪውን በቅሎ ባበላን ቁጥር ይክፈሉን፤ ካላበላን አይክፈሉን።»

አንበሳ ብዙ አሰበ። ግምጃ ቤቱ ሙሉ አልነበረም፤ ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር። በመጨረሻ እንዲህ ሲል ፈረደ፤ ከደሴ ወዲያ ላለው ዳገት ከወጪው ከመቶ 70 አስቀድሞ ይከፈል፤ ለከተማው ሰፊ ጎዳና ተመላሹ ከዚህ ወዲያ ይቅር፤ በየትም ቦታ የሚቆም ግርግም ደግሞ የሚደጎመው በሚያበላው ልክ ይሁን። እመት ጦጢት እዚያው ጻፈችው።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ጉጉፍቱ ላይ ግርግሙ ተሠራ፤ ትልቅና ፈጣን። የመጀመሪያዋ በቅሎ አፏን ስትከት፣ ጉንዳኖቹ ለመንደሩ ሁሉ ያመጡትን ገብስ ቡና ሳይፈላ ጨረሰችው። የጃርት ወፍጮ ቆመች። ልጆች ማታ የሚቆረጥሙት ቆሎ ጠፋ። ጃርት እሾሁን አቁሞ መጣ፤ «ለመንገደኛ ብላችሁ እኛን ልታስርቡን ነው?» አለ። እውነት ነበረው። በአንድ የገጠር ከተማ ያለ ትራንስፎርመር ብዙ ቤትና ወፍጮ የሚያበላው 100 ወይም 200 ኪሎ ቮልት አምፔር ይዞ ነው፤ አንድ 120 ኪሎ ዋት ቻርጅ ማድረጊያ ብቻውን አብዛኛውን ወይም ሁሉንም ሊጠጣው ይችላል። መሣሪያውን ደጉሞ መስመሩን የረሳ መንግሥት ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል። በመካነ ሰላምና በአቀስታ ጣቢያ ይቁም ስንል አብሮ መነሣት ያለበት ጥያቄ ይሄ ነው፤ ደግሞም ከመኪናው በፊት ወፍጮው፣ ጤና ጣቢያውና የተማሪው አምፖል ይቀድማሉ።

መላውን ያመጣው ጉሬዛ ነው። «ጃርት ሌሊት አይፈጭም፤ ልጆቹም ይተኛሉ። ጉንዳኖቹ ግን ሌሊትም ይመጣሉ። ትልቅ ጎታ እንሥራ፤ ሌሊት የሚመጣው እዚያ ይከማች፤ በቅሎዋ ቀን ከጎታው ትብላ፤ ከመንደሩ ገብስ አትንካ» አለ። በእኛ ዘመን ይህ ጎታ ባትሪ ይባላል፤ ሌሊት ተሞልቶ ቀን የሚያቀርብ። ውድ ነው፤ ዋጋው ግን ከዓመት ዓመት እየወረደ ነው፤ ድጎማ የሚገባውም ይሄኛው ክፍል ነው። መካነ ሰላም ላይ ደግሞ ፈጣኑን ትተው ዘገምተኛ ግርግሞች በየማደሪያው አቆሙ፤ በቅሎዋ ከማታ እስከ ንጋት ቀስ ብላ ትበላለች፤ ባለቤቷም ያድራል፣ ቡና ይጠጣል፣ ይከፍላል። የእመት ጦጢት የፊተኛው ደንብ ይህን ትንሽ ነው ብሎ አይቀበለውም ነበር። አዲሱ ተቀበለው፤ ያበላልና።

መንገዱ የተዘጋባቸው ወራትም ነበሩ። እንስሳቱ ተጣሉ፤ ጥርስና ቀንድ ተማዘዙ፤ ከደሴ ወዲያ የሚሄድ ጠፋ። ይህን የማነሣው በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የቀጠለው ግጭት ያደረሰውን የሚያውቅ አንባቢ ስለሚጠይቀኝ ነው። በድንጋይ በተዘጋ መንገድ ላይ የትኛውም ድጎማ በቅሎ አያስኬድም። ቅሬው ግን በእነዚያ ወራትም ጎታውን አልተወም፤ በየተራ ጠበቀው፤ መንገዱ የተከፈተ ዕለት ገብሱ እዚያው ነበር።

ዓመት ሲሞላ እመት ጦጢት ራሷ በበቅሎ ተቀምጣ ጉጉፍቱ መጣች። የቆጠረችው ግርግሙን አልነበረም። እማማ ጭላዳን «በዚህ ወር ስንት ተመለሰ?» ብላ ጠየቀቻት፤ መልሱን በመዝገቧ በአዲስ ገጽ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ በየዳገቱ አፋፍ አንድ ቆጣሪ ተቀመጠ፤ ደመወዙም ከግምጃ ቤት ነው።

ጅቡ ይህን ሰማ። ጉጉፍቱ በቅሎ በዝቷል ሲሉት መጣና «እማማ፣ ከእናንተ አጠገብ አንድ ግርግም ላቁም» አለ።

«እዚህ ይበቃናል፣ አያ ጅቦ። ከመካነ ሰላም ወዲያ፣ አባይን ተሻግሮ ወደ ጉንደወይን የሚወስደው መንገድ አለ። የአባይን ሸለቆ ወርዶ መልሶ የሚወጣ በቅሎ ምን እንደሚበላ አስበው። እዚያ ማንም የለም።»

«እዚያ ማን ይመጣል ብዬ?»

«ሄደህ አፋፉ ላይ ተቀመጥና ቁጠር። የተመለሱትን ይዘህ ና፤ ከመቶ 70ው አስቀድሞ እንዲከፈልህ ቅሬው አብሮህ ይፈርማል። ገብስ ከጠፋበት ግን በዋስትናው የምንጠየቀው እኛ ነንና፣ ፊርማችንን እናነሣለን።»

አያ ጅቦ ሒሳቡን በልቡ ሠራ። ትርፉ እንደ ከተማው አልነበረም፤ ኪሳራም አልነበረውም። ጉሬዛ የውሉን ወረቀት አወጣ፤ ጃርት ስለ መንደሩ ወፍጮ አንድ አንቀጽ ካልገባ አልፈርምም አለ፤ በዚያ ላይ እስከ ማታ ተከራከሩ።